ጡረታ የወጡ የእሽቅድምድም መኪናዎችና የማንነታቸው ጥያቄ

በአውቶሞቢል እሽቅድምድም ዓለም የአንድ ዓይነት መኪና ውድድር የሚባል አለ። ይኸውም ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ ሞዴሉም ሞተሩም ጎማውም አንድ የሆነ መኪና ይዘው የሚሰለፉበት ነው። ዓላማው ግልጽ ነው። በሌላው ዓይነት እሽቅድምድም ገንዘብ የተረፈው ሰው የበለጠ ሞተር ገዝቶ ሊቀድም ይችላል፤ በዚህኛው ግን መኪናው እኩል ስለ ሆነ የሚታየው የነጂው ችሎታ ነው። ለዚህም ሲባል በብዙዎቹ ውድድሮች ሞተሩ ማንም እንዳይነካካው በማኅተም ይታሸጋል።

ውድድሩ አልቆ መኪናዎቹ ጡረታ በወጡ ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። አንዱ ከሌላው እንዳይለይ ያን ያህል የተደከመበት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ ዋጋው የሚቆረጠው ከወንድሞቹ በሚለይበት ነገር ነው። ይህን የነዳው ማን ነው? የት አሸነፈ? የት ተጋጨ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ አንዱን መኪና በብዙ እጥፍ ያስወድደዋል፤ ሌላውን ያረክሰዋል። መልሱ ግን በመኪናው ላይ ተጽፎ አይገኝም። ስለዚህ የዚህ ዓይነት መኪና ባለቤት ለመሆን የሚያስብ ሰው፣ የሚገዛው ብረት ብቻ ሳይሆን አንድ የታሪክ ምርመራ ጭምር መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ነገሩን በሦስት ምሳሌ እናስረዳለን፤ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ሰማያዊዎቹ ጎርዲኒዎች

በፈረንሳይ አገር በ1966 ዓ.ም. የጎርዲኒ ዋንጫ የሚባል ውድድር ተጀመረ። መኪናው ሬኖ 8 ጎርዲኒ ነበር፤ ይኸውም ተራው የሬኖ 8 የቤተ ሰብ መኪና ሞተሩ በአሜዴ ጎርዲኒ ጥበብ የተሻሻለለት ነው። መልኩ ሰማያዊ ሆኖ ሁለት ነጫጭ መስመሮች ተሰምረውበታል። ብዙ ሀብት የሌላቸው ወጣቶች ሙያውን የተማሩበት ውድድር ስለ ነበረ ስመ ጥር ነጂዎች ወጥተውበታል። ከእነርሱም አንዱ በ1979 ዓ.ም. በፎርሙላ አንድ ለቱርቦ ሞተር የመጀመሪያውን ድል ያስገኘው ዣን ፒዬር ዣቡዪ ነው።

ዛሬ የጎርዲኒ ዋጋ ከተራው ሬኖ 8 እጅግ ይበልጣል። ታዲያ ተራውን መኪና ሰማያዊ ቀብቶ ሁለት ነጭ መስመር ማስመር ምን ይከብዳል? ከሩቅ ያየው ሁሉ ይታለላል። የሚያጋልጠው የዓይነት ቁጥሩ ነው። ተራው ሬኖ 8 አር 1130 ሲሆን፣ ባለ 1108 ሲ.ሲ. ጎርዲኒ አር 1134፣ ባለ 1255 ሲ.ሲ. ደግሞ አር 1135 ነው። ነገር ግን ይህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ይመልሳል፤ መኪናው ጎርዲኒ መሆኑን ያስረዳል እንጂ በዋንጫው መወዳደሩን አያስረዳም።

ለ. ዐሥራ አምስቱ ፖርሾች

ሁለተኛው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። በ1973 ዓ.ም. የእሽቅድምድም ቡድን ባለቤት የሆነው ሮጀር ፔንስኬና ባልደረቦቹ አንድ ጥያቄ አነሡ፤ የፎርሙላ አንድ፣ የኢንዲያናፖሊስና የናስካር ነጂዎች በእኩል መኪና ቢጋጠሙ ማን ይበልጣል? ኢሮክ ለተባለው ለዚህ ውድድር የፖርሽ ፋብሪካ ባለ 3 ሊትር ሞተር የሆኑ 15 ካሬራ አር.ኤስ.አር. መኪናዎች ሠራ። እንዲለዩም ልዩ ልዩ ደማቅ ቀለም ተቀቡ። ኤመርሰን ፊቲፓልዲ፣ ኤ. ጄ. ፎይት፣ ሪቻርድ ፔቲና ሌሎችም በጠቅላላው 12 ነጂዎች ተሰለፉ። በኦክቶበር ወር በካሊፎርኒያ በሪቨርሳይድ ሜዳ ሦስት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ 1974 ዓ.ም. በፍሎሪዳ በዴይቶና አንድ ጊዜ ተሽቀዳደሙ፤ አሸናፊውም ማርክ ዶናሂው ሆነ።

እንግዲህ ችግሩን ተመልከቱ። አድልዎ እንዳይኖር ሲባል መኪናው ለነጂው የሚደርሰው በዕጣ ነበር። ስለዚህ አንዱ መኪና በአንደኛው ውድድር በአንዱ፣ በሁለተኛው ውድድር በሌላው እጅ ይገባል። «ይህ የእገሌ መኪና ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በየትኛው ቀን፣ በስንተኛው ውድድር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያም ኢሮክ ወደ ሼቭሮሌ ካማሮ ሲዞር ፖርሾቹ በግል ተወዳዳሪዎች እጅ ተበተኑ፤ በሌላ ውድድር ገቡ፤ በሌላ ቀለም ተቀቡ። ብቸኛ መለያቸው የነበረው ቀለም በሌላ ቀለም ሥር ተቀበረ።

ሐ. ኤም 1

ሦስተኛው የቢ.ኤም.ደብልዩ ኤም 1 ነው። በ1979 እና በ1980 ዓ.ም. ፕሮካር የሚባል ውድድር በአውሮፓ ከሚደረጉት የፎርሙላ አንድ ግራን ፕሪዎች ጋር አብሮ ይካሄድ ነበር። የመንገዱ ኤም 1 ጉልበት 277 የፈረስ ጉልበት ሲሆን የፕሮካሩ ወደ 470 ይደርሳል። በዓርብ ልምምድ ፈጣን ሆነው የተገኙ አምስት የፎርሙላ አንድ ነጂዎች በፋብሪካው መኪናዎች ገብተው ከግል ተወዳዳሪዎች ጋር ይፎካከሩ ነበር። በ1979 ኒኪ ላውዳ፣ በ1980 ኔልሰን ፒኬ የፕሮካር ሻምፒዮን ሆኑ። እዚህም የፋብሪካው መኪና ከአንዱ ሳምንት ወደ ሌላው ነጂ ይለውጥ ነበር።

የኤም 1 አሠራር ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። የውጭ አካሉ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ነው፤ የሚሸከመው ግን በውስጥ ያለው ከብረት ቱቦ የተበየደ ሻንሲ ነው። በግጭት የተሰበረው ልባስ በቀላሉ ወልቆ በሌላ ይተካል። ስለዚህ በዓይን የሚታየውና ሰው የሚያደንቀው አካል የመኪናውን ማንነት ለማስረዳት ከሁሉ ያነሰ ምስክር ነው።

መ. ታሪክ የሚጠፋበት መንገድ

እነዚህን ምሳሌዎች ስናጠቃልል ታሪክ የሚጠፋበት ምክንያት አራት ነው።

አንደኛ፣ በበሩ ላይ የሚለጠፈው የውድድር ቁጥር የተወዳዳሪው ነው እንጂ የመኪናው አይደለም። በዚህ ዓመት 7 ቁጥር የነበረ መኪና በሚቀጥለው ዓመት 22 ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቀለሙ ገንዘብ ከሚከፍለው ድርጅት ጋር ይለወጣል።

ሦስተኛ፣ ብዙዎቹ የውድድር መኪናዎች መንገድ ላይ ስለማይነዱ ሰሌዳም ሊብሬም የላቸውም። መንግሥት ባለቤቱን አይመዘግብም። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ የሚቀረው ማስረጃ የሻጭና የገዢ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም በቀላሉ ይጠፋል።

አራተኛውና ዋነኛው ግጭት ነው። መኪናው በኃይል ሲጋጭ ቡድኑ ሌላ ባዶ አካል ያስመጣል፤ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የቁጥሩን ሳህን ከተሰበረው ነቅሎ በአዲሱ ላይ ይገጥማል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ይሽቀዳደማል። በጊዜው ማንም ይህን እንደ ማታለል አይቆጥረውም፤ ሥራው ነው። የተሰበረው ግን በአንድ ጋራዥ ጓሮ ይጣላል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ያገኘውና ቀጥ አድርጎ ይጠግነዋል፤ የድሮ ቁጥሩንም ይጽፍበታል። በዚያን ጊዜ አንድ ቁጥር የያዙ ሁለት መኪናዎች ይኖራሉ፤ ሁለቱም ባለቤቶች «የኔ ነው እውነተኛው» ይላሉ፤ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን አይደሉም።

ሠ. ሦስቱ ምስክሮች

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የመኪናን ታሪክ የሚያጣራ ሰው ሦስት ምስክሮች አሉት፤ እነርሱም ብረት፣ ወረቀትና ፎቶግራፍ ናቸው።

ብረቱን ሲመረምር ከሻንሲ ቁጥሩ ይጀምራል። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ ለምሳሌ በ1974 ሞዴል ካሬራ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዲጂቶች 911 የመኪናውን ዓይነት፣ ቀጥሎ ያለው 4 የሞዴሉን ዓመት ያመለክታሉ። ነገር ግን ቁጥሩን ማንበብ ብቻ ሳይሆን የተመታበትን መንገድም ማየት ይገባል። የፋብሪካው የቁጥር መምቻ የራሱ ቅርጽ አለው። በዙሪያው የብየዳ ምልክት ካለ፣ ያ ቁራጭ ብረት ከሌላ መኪና ተቆርጦ የመጣ መሆኑን ያስጠረጥራል። የፋብሪካ ነጥብ ብየዳ እኩል ተራርቆ ይሄዳል፤ በጋራዥ በእጅ የተበየደው አይመሳሰልም። የተጋጨ አካልም ምንም ያህል ቢቃና በውስጥ በኩል የመዶሻ ምልክት ይቀርበታል። ቀለሙም በጥንቃቄ ከላይ ወደ ታች ሲፋቅ እንደ ሽንኩርት ልጥ በልጥ ሆኖ የዘመኑን ቅደም ተከተል ያሳያል፤ ከዐሥራ አምስቱ ፖርሾች አንዱን ለማወቅ ከሥር ያለው የመጀመሪያው ቀለም ዋና መረጃ ነው።

ወረቀቱ ልዩ ልዩ ነው። የፋብሪካው መዝገብ መኪናው መቼ እንደ ተሠራና ለማን እንደ ተላከ ይናገራል። በአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ለእያንዳንዱ መኪና የሚሰጠው ደብተር አለ፤ ተቆጣጣሪዎቹ የተወዳደረበትንና የተጋጨበትን ይጽፉበታል። በጀርመንም እንደዚሁ የመኪና ፓስፖርት የሚባል አለ። መኪናው ለውድድር ድንበር ሲሻገር የተሞላው የጉምሩክ ወረቀትም የሻንሲ ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ስለሚያያይዝ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የጉምሩክ ሹም ለመኪናው ዝና ደንታ የለውምና ምስክርነቱ አድልዎ የለበትም። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለታሪካዊ መኪናዎች የሚሰጠው የቴክኒክ ፓስፖርት ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። መኪናው በዘመኑ ደንብ መሠረት መሠራቱን ይመሰክራል እንጂ ማን እንደ ነዳው አይመሰክርም።

ሦስተኛው ምስክር ፎቶግራፍ ነው። መኪናዎቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑም የሰው እጅ አንድ ዓይነት አይሠራም። አንዱ መካኒክ የእሳት ማጥፊያውን በግራ፣ ሌላው በቀኝ ያስረዋል፤ የኮፈኑ ማሰሪያ በአንዱ ላይ ጥቂት ወደ ውስጥ ይገባል፤ በአንዱ ዳሽቦርድ ላይ ትርፍ ቀዳዳ ይበሳል። የዘመኑ ፎቶግራፍ በአጉሊ መነጽር ታይቶ ከዛሬው መኪና ጋር ሲነጻጸር፣ የዚህ ዓይነት ጥቃቅን ነገር ከተሸላሚው ስም የበለጠ ይናገራል።

ከሦስቱ አንዱ ብቻውን አይታመንም። ወረቀት ይጻፋል፤ ቁጥር ይመታል፤ ፎቶግራፍም ያለ ስፍራው ይጠቀሳል። ሦስቱ በአንድ ቃል ሲናገሩ ግን ታሪኩ ይቆማል።

ረ. አንድ ፍርድ

ፍልስፍና የሚማሩ ጓደኞቻችን ፕሉታርክ ስለ ቴሴዎስ መርከብ የጻፈውን ያውቃሉ። ሳንቃዋ አንድ በአንድ እየተለወጠ ሁሉም አዲስ በሆነ ጊዜ መርከቢቱ ያችው ናት ወይስ ሌላ? ይህ ጥያቄ በ1990 ዓ.ም. በእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ። ክርክሩ የተነሣበት መኪና የአንድ ዓይነት መኪና ውድድር ባይሆንም ፍርዱ ለሁሉም ይጠቅማል።

መኪናው «ኦልድ ናምበር ዋን» የተባለው ቤንትሌ ነበር፤ በ1929 እና በ1930 ዓ.ም. የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን ያሸነፈ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ተለውጧል። በ1932 በብሩክላንድስ ሜዳ ባለ 8 ሊትር ሞተር ተገጥሞለት ሲሽቀዳደም ክላይቭ ደንፊ ሞቶበታል፤ ቆይቶም ሌላ አካል ተሠርቶለታል። ገዢው በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ከተዋዋለ በኋላ «ይህ እውነተኛው አይደለም» ብሎ አልቀበልም አለ። ዳኛው በ1929 እና በ1930 ካሸነፈው መኪና የተረፈው ክፍል ጥቂት መሆኑን አምነው፣ እንዳለ የቆየ የመጀመሪያው መኪና ሊባል አይችልም አሉ። ሆኖም ታሪኩ ሳይቋረጥ ከእጅ ወደ እጅ የወረደ ስለ ሆነና በዚያ ስም የሚከራከር ሌላ መኪና ስለሌለ እውነተኛው ኦልድ ናምበር ዋን ይኸው ነው ብለው ለሻጩ ፈረዱ። እንግዲህ ማንነትን የሚያጸናው ያልተለወጠ ብረት ብቻ ሳይሆን ያልተቋረጠ ታሪክ ጭምር ሆነ ማለት ነው።

ሰ. የባለቤቱ ግዴታ

ይህ ከሆነ ባለቤቱ ከጌታ ይልቅ ባለ አደራ ነው። ብዙ ሰው መኪናውን እንደ ገዛ ቀለሙን አስወልቆ በጣም ዝነኛ በነበረበት ቀን መልክ ያስቀባዋል። እንዲህ ሲያደርግ የኋለኛውን ዘመን ታሪክ፣ የጋራዥ መካኒኮችንና ስማቸው ያልተነሣ ነጂዎችን ድካም አብሮ ይፍቃል፤ ከሁሉም የሚብሰው፣ ለሚቀጥለው መርማሪ ይጠቅም የነበረውን ምስክር ማጥፋቱ ነው። ስለዚህ ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የወለቀው ዕቃ አይጣል፤ የተተካውም ከነቀኑ ይጻፍ።

ማስረጃ ያልተገኘለት ዘመን ሲኖርም በግምት ከመሙላት ባዶውን መተው ይሻላል። «ከ1976 እስከ 1981 የት እንደ ነበረ አይታወቅም» የሚል መስመር ዋጋውን ጥቂት ይቀንስ ይሆናል። ነገር ግን ያንን መስመር በድፍረት የጻፈ ሰው በሌላው ገጽ የጻፈውን ሁሉ እንድናምንለት ያደርጋል፤ በአንዲት ልብ ወለድ የተሞላ መዝገብ ግን እውነቱንም ጭምር ያስጠረጥራል። ይህም የመኪና ነገር ብቻ አይደለም፤ ስለ ማናቸውም ነገር ታሪክ ለመጻፍ ብዕር የሚያነሣ ተማሪ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው።