የደመወዝ ግብር ሲዘገይ ወለዱን ማን ይከፍላል?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመንግሥት ግብር አዘግይቶ ወለድ ይከፍላል ቢባል ብዙዎቻችን እንገረም ይሆናል። በአሜሪካ ግን እንዲሁ ነው። ማዘጋጃ ቤትም ሆነ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ከሠራተኞቹ ደመወዝ የቀነሰውን የፌዴራል ግብር በወቅቱ ካላስገባ፣ ግብር ሰብሳቢው አይ አር ኤስ እንደ ማንኛውም አሠሪ ይጠይቀዋል። ቅጣቱ እንደ መዘግየቱ ከ2 እስከ 15 በመቶ ይደርሳል። ወለዱ ከዚህ ሌላ ነው፤ መጠኑ በየሦስት ወሩ ይወሰናል፣ በየቀኑም ወለድ በወለድ ላይ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2021 3 በመቶ ነበር፤ በ2024 8 በመቶ ደርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በቂ ምክንያት ያቀረበ መሥሪያ ቤት ቅጣቱ ሊነሳለት ይችላል። ወለዱ ግን በዚህ አይነሳም፤ የሚቀርለት በተነሳው ቅጣት ላይ የታሰበው ብቻ ነው። ለመንገድና ለመማሪያ መጻሕፍት ሊውል ይችል የነበረው የነዋሪው ገንዘብ ለወለድ ይሄዳል ማለት ነው።

በዚያው አገር ያሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናትም ደመወዝተኛ ሠራተኛ ከቀጠሩ ነገሩ ይመለከታቸዋል። ከገቢ ግብር ነፃ መሆን ከዚህ አያድንም። ሕጉ ከሠራተኛው የተቀነሰውን ገንዘብ በአደራ እንደተያዘ ይቆጥረዋል፤ እያወቀ ለሌላ ወጪ ያዋለው ኃላፊ፣ የማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ያዥም ቢሆን፣ ከራሱ ኪስ ሊጠየቅ ይችላል።