በታሸገ ዕቃ ስለሚመጣው የነቀዝ መድኃኒት አያያዝ

እህልን ከነቀዝ ለማዳን ከሚሠራባቸው መድኃኒቶች አንዱ በክኒን መልክ ተበጅቶ በአሉሚኒየም ጠርሙስ ታሽጎ የሚመጣው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ኀይሉ እጅግ የበረታ ስለ ሆነ ሹማምንትና ባለ ጎተራዎች ጠባዩን አጥብቀው ሊያውቁት ይገባል።

ክኒኑ በታሸገበት ደረቅ ሆኖ ሳለ ጉዳት የለውም። ማሸጊያው ተከፍቶ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲነካው ግን ፎስፊን የሚባለውን መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። 3 ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል። ነቀዝም ሰውም የሚተነፍሱ ናቸውና ጋዙ አንዱን ከአንዱ አይለይም። እንግዲህ ማሸጊያው የመድኃኒቱ ልጓም እንጂ ለሻጭ ምቾት ብቻ የተደረገ አይደለም።

በየገበያው ጠርሙሱን ከፍቶ ክኒኑን በወረቀት ወይም በላስቲክ እየቋጠረ በፍሬ የሚሸጥ ነጋዴ አይታጣም። ገበሬውም ሙሉ ጠርሙስ ለመግዛት አቅም ሲያጥረው ይህን ይመርጣል። ነገር ግን የተቋጠረው ክኒን ገና በኪስ ሳለ ጋዝ ማውጣት ይጀምራል፤ የማስጠንቀቂያው ጽሑፍም ከጠርሙሱ ጋር ቀርቷል፤ ሕፃንም ከረሜላ መስሎት ሊያነሣው ይችላል። በ2002 ዓ.ም. ስለ ፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ወጥቷልና፣ የወረዳ ሹም ይህን ንግድ እንደ ቀላል ነገር አይቶ ሊያልፈው አይገባም።

ጠርሙሱ የሚከፈተው በደጅ፣ ነፋስን በጀርባ አድርጎ ነው። የሚይዘው ሰው ደረቅ የጥጥ ጓንት ያድርግ፤ የእጅ ላብ እንኳ ለክኒኑ እርጥበት ነውና። አፍን በነጠላ መሸፈን ጋዙን ከቶ አያግደውም።

ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ባለ ጎተራ ይህን መድኃኒት መጨመር ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ ጋዙ በጭቃ ምርግ ስንጥቅ ሁሉ ሾልኮ ወደ መኝታ ይደርሳል። ለብቻው በተሠራ መጋዘንም ቢሆን በሩ ታሽጎ ለብዙ ቀናት መቆየት አለበት፤ በቆላ ሥራው ይፈጥናል፣ በደጋ ይዘገያል። ቶሎ ከተከፈተ የነቀዙ እንቁላል ሳይሞት ይቀርና ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ጋዙ እንደ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል ይባላል፤ ነገር ግን ሽታው ጠፍቶ ጋዙ ሊቀር ስለሚችል አፍንጫን ማመን አይገባም። ከመግባት አስቀድሞ በሩና መስኮቱ ተከፍቶ በሚገባ ይናፈስ።

ክኒኑ እሳት ቢያስነሣ ውኃ አይፈሰስበት፤ ውኃ ጋዙን በአንድ ጊዜ ያስወጣዋልና በደረቅ አሸዋ ይዳፈን። ለዚህ መርዝ የታወቀ ማርከሻ የለም። የተመረዘውን ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ባዶው ጠርሙስ ቆንጆና ቀላል ስለ ሆነ ለዘይትና ለውኃ መያዣ ይመኙታል። በደጅ ተከፍቶ የቀረው ዱቄት ኀይሉ እስኪያልቅ ከቆየ በኋላ፣ ማንም ዳግመኛ እንዳይሠራበት ተበስቶ ይወገድ።