«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

ኮምፒዩተር ሲዘገይ፣ በቫይረስ ሲጠቃ ወይም ጨርሶ አልነሣ ሲል አብዛኞቻችን የምንሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!» ይህ አነጋገር ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው የዲስኩን ክፍል ለአዲስ ጽሕፈት ማዘጋጀት፣ ማለትም የነበረውን ማጥፋት ነው። ሁለተኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እንደገና መጫን ነው። የሁለቱ መደባለቅ የዓመታት ድካም የፈሰሰበትን የመመረቂያ ጽሑፍ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያሳጣ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከፍላሽ እንዴት እንደሚጫንና አስቀድሞ ምን መደረግ እንዳለበት እንመለከታለን።

ኮምፒዩተር እንዴት ይነሣል?

ኮምፒዩተር ሲበራ ፕሮሰሰሩ ስለ ዊንዶውስም ሆነ ስለ ሊነክስ የሚያውቀው ነገር የለም። በመጀመሪያ የሚያነበው በማዘርቦርዱ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠን አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም በቀድሞዎቹ ማሽኖች ባዮስ፣ በአሁኖቹ ደግሞ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ተግባሩም ዋና ዋና ክፍሎችን ከፈተሸ በኋላ በተሰጠው ቅደም ተከተል መሠረት የማስነሻ ፕሮግራም መፈለግ ነው። ፍላሹ በተራው ቀዳሚ ከሆነ፣ በውስጠኛው ዲስክ ላይ ያለው ሲስተም ቢበላሽም እንኳ ማሽኑ ከፍላሹ ይነሣል።

የመጫኛውን የአይኤስኦ ፋይል እንደ ማንኛውም ሰነድ ፍላሽ ላይ መገልበጥ የማይበቃውም ስለዚህ ነው። አይኤስኦ የአንድ ሙሉ ዲስክ ግልባጭ በመሆኑ፣ የማስነሻው ፕሮግራም ዩኢኤፍአይ በሚፈልገው ቦታ እንዲቀመጥ ተዘርግፎ መጻፍ አለበት። ይህን እንደ ሩፈስ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች፣ ለዊንዶውስም ማይክሮሶፍት ራሱ ያዘጋጀው መሣሪያ ይሠሩልናል። ለዊንዶውስ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ያስፈልጋል፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋም አይዘነጋ። ፋይሉን ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ማውረድ ይገባል፤ በሌላ እጅ የተነካካ ግልባጭ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ይዞ ሊመጣ ይችላልና።

መጀመሪያ ማዳን

የማስነሻ ፍላሽ ትልቁ ጥቅም ከመጫኑ በፊት ይገኛል። እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊነክስ የተጻፈበትን ፍላሽ ሰክተን ሳንጭነው እንዲሠራ ስናዝዘው፣ ሲስተሙ በራም ላይ ሆኖ ይሠራል፤ የውስጠኛውን ዲስክም አይነካም። በዚህ ጊዜ ፋይሎቻችንን ከፍተን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ እንችላለን። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን 48 አሃዞች ያሉት የመክፈቻ ቁልፍ በእጃችን መኖር አለበት።

ሲጫን

ኮምፒዩተሩ እንደበራ እንደየሥሪቱ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ሌላ ቁልፍ ተጭነን ፍላሹን እንመርጣለን። ቀጥሎ የዲስኩ ክፍሎች ዝርዝር ይቀርባል። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው፤ የለመድናቸው የ«ሲ» እና የ«ዲ» ፊደላት በዚህ ገጽ ላይ ላይታዩ ስለሚችሉ፣ ክፍሎቹን በመጠናቸው መለየት ግድ ይላል። ሲስተሙ የነበረበትን ክፍል ብቻ ብንነካ ሌላው ይተርፋል። ያንኑ ክፍል ሳንፎርማት ዊንዶውስ ብንጭንበትም፣ የቀድሞው ሲስተም ከነፋይሎቹ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» ወደሚባል ፎልደር ይዛወራል። መጫንና ማጥፋት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ፈጣኑ ፎርማት በዋነኛነት የፋይሎቹን ማውጫ ስለሚያድስ፣ በነባሩ ሃርድ ዲስክ ላይ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ የጠፋውን መመለስ ይቻል ይሆናል። በኤስኤስዲ ላይ ግን ዲስኩ ራሱ ነፃ የተባለውን ቦታ ስለሚያጸዳ ተስፋው የመነመነ ነው።

ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ አዲስ ሲስተም ለመጫን የሚነሡ ብዙዎች ናቸው። ኮምፒዩተራችንን ለባለሙያ ስንሰጥም «ፎርማት ይደረግ» ከምንል «መጀመሪያ ፋይሎቹ ይገልበጡልኝ» ማለትን እንልመድ። ሲስተም በማንኛውም ቀን ከፍላሽ ይጫናል፤ የጻፍነው ጽሑፍ ግን ሌላ ግልባጭ ከሌለው ከየትም አይመጣም።