ኑድሉ ለምን ይቸኩላል?

የታይላንድ ርዕሰ ከተማ ባንኮክ አውራ ጎዳናዎቿ በተሽከርካሪ፣ የእግረኛ መንገዶቿ ደግሞ በምግብ ሻጮች የተጨናነቁ ከተማ ናት። ወደዚያች ከተማ ለንግድ ወይም ለሕክምና የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ጥቂት ስላልሆኑ፣ ቀጥሎ የምንገልጸውን ትዕይንት በዓይናቸው ያዩ አንባቢያን እንደሚኖሩ እንገምታለን። የመንገድ ዳር ኑድል ቤት ብዙ ጊዜ የፊት ግድግዳ የለውም። ከፊት ለፊቱ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ የተለያዩ የኑድል ዓይነቶችና የሥጋ ቁራጮች ተደርድረው ይታያሉ፤ ከሣጥኑ ጎን ቀኑን ሙሉ የሚፈላ ትልቅ ድስት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ጥቂት ጠረጴዛዎችና የፕላስቲክ በርጩማዎች ይገኛሉ። ተመጋቢው የኑድሉን ዓይነት መርጦ ከመረቅ ጋር ወይም ያለ መረቅ እንዲሆንለት ያዛል። ሻጩ አንድ እፍኝ ኑድል ባለ እጀታ የሽቦ ወንፊት ውስጥ ጨምሮ ከሚፈላው ውኃ ይነክራል፤ ወዲያው አውጥቶ ያራግፍና ጎድጓዳ ሳህን ላይ ይገለብጠዋል፤ ሥጋውን፣ የማሾ ቡቃያውንና መረቁን ጨምሮም ያቀርባል። ሥራው ሁሉ የጥቂት ደቂቃ ነው።

ይህን ጥድፊያ በከተማዋ ሩጫ ብቻ መተርጎም ይቻላል። ነገር ግን ኑድሉ የተሠራበትን ስታርች ባሕርይ የተረዳ ሰው፣ ሻጩ ቀርፋፋ ልሁን ቢል እንኳ የሚችል እንዳልሆነ ይገነዘባል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ኑድል ለታይላንድ ከውጭ የገባ ምግብ ነው። «ኩዋይትያው» የተባለው ስሙ ከደቡብ ቻይና ከመጡ ስደተኞች ቋንቋ የተወረሰ ነው። ታይላንዳውያን ሩዝን በማንኪያና በሹካ ሲመገቡ ኑድል በመረቅ ሲቀርብላቸው ግን ቾፕስቲክ የሚያነሡትም ከዚሁ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1944፣ እንደገናም ከ1948 እስከ 1957 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፕሌክ ፒቡንሶንግክራም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሕዝቡ ኑድል እንዲበላና እንዲነግድ መንግሥታቸው እንዲቀሰቅስ አድርገዋል። በዚያ ዘመን ባንኮክ በቦዮች የተሞላች ስለነበረች ብዙ ሻጮች ድስታቸውን በጀልባ ጭነው ይዞሩ ነበር። ዛሬም የድል ሐውልት በሚባለው አደባባይ አካባቢ «የጀልባ ኑድል» በትናንሽ ሳህኖች ይሸጣል። (የዚህ ዓይነቱ ኑድል መረቅ በአሳማ ወይም በከብት ደም የሚወፍር በመሆኑ፣ ሃይማኖቱ የሚከለክለው መንገደኛ ከማዘዙ በፊት ቢጠይቅ ይበጀዋል።)

ግሉተን የሌለው ሊጥ

ከስንዴ ዱቄት ፓስታ መሥራት የሚቻለው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን ሊጡን እንደ መረብ አያይዞ ስለሚይዘው ነው። ሩዝ ግሉተን የለውም። የሩዝ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ቢለወስና እንደ ክር ሊሳብ ቢሞከር ይበጣጠሳል። ስለዚህ የሩዝ ኑድልን አያይዞ የሚይዘው ሌላ ነገር መኖር አለበት፤ እርሱም ስታርቹ ራሱ ነው።

ስታርች ከግሉኮስ የተቀጣጠሉ ረጃጅም ሰንሰለቶች ስብስብ ነው። ሰንሰለቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አሚሎዝ ቅርንጫፍ የለውም ሊባል የሚችል ቀጥ ያለ ሰንሰለት ሲሆን፣ አሚሎፔክቲን ግን እንደ ዛፍ ቅርንጫፉ የበዛ ነው። ሁለቱም በእህሉ ውስጥ በጥቃቅን ቅንጣቶች ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ቅንጣቶቹን እምብዛም አይደፍራቸውም። ሙቀቱ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው ክልል ሲደርስ ግን ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ አሚሎዙም ከውስጣቸው ይወጣል፤ ድብልቁ ይወፍራል። ይህ ሂደት ጄላቲናይዜሽን ይባላል። ገንፎ ያገነፋ ሰው ሁሉ፣ ስሙን ባያውቀው እንኳ፣ ማማሰያው በድንገት ሲከብደው ሂደቱን በክንዱ አውቆታል።

የበሰለው ስታርች ሲቀዘቅዝ ሁለተኛ ሂደት ይጀምራል። ተበታትነው የነበሩት ሰንሰለቶች እንደገና ጎን ለጎን እየተሰለፉ ይያያዛሉ፣ በመካከላቸው የነበረውንም ውኃ ይገፋሉ። ይህም ሬትሮግራዴሽን ይባላል። ቀጥ ያለው አሚሎዝ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ይሰለፋል፤ ቅርንጫፋሙ አሚሎፔክቲን ግን ቀናት ይፈጅበታል። ገንፎ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ የሚቀረው በመጀመሪያው ምክንያት ነው፤ ዳቦና እንጀራ ሲያድሩ የሚደርቁት ደግሞ በአብዛኛው በሁለተኛው።

ኑድል ሠሪው የመጀመሪያውን ሂደት ይጠቀምበታል፤ የሁለተኛው ግን ባለዕዳ ነው። ለዚህም ሲል አሚሎዝ የበዛበትን ሩዝ ይመርጣል። ዓለም የሚያውቀው መዓዛማው የታይላንድ ጃስሚን ሩዝ አሚሎዙ ዝቅተኛ ስለሆነ ከእርሱ የሚሠራ ኑድል ይልመጠመጣል፤ አሚሎዝ ፈጽሞ የለውም ሊባል የሚችለው የሰሜን ምሥራቁ ተጣባቂ ሩዝማ ጭራሽ አይሞከርም። የተመረጠው ሩዝ ተዘፍዝፎ ከውኃ ጋር ይፈጫል፤ ሊጡ በስሱ ተዘርግቶ በእንፋሎት ይበስላል፤ ከዚያም እንዳይጣበቅ ዘይት ተቀብቶ ይቆረጣል። ሰፊው «ሴን ያይ»፣ ጠባቡ «ሴን ሌክ» ይባላል። እንደ ፀጉር የቀጠነው ደግሞ «ሴን ሚ» ነው።

ከእነዚህ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው ግን «ካኖም ቺን» የተባለው ኑድል ነው። በባህላዊው አሠራር ሩዙ ለጥቂት ቀናት እንዲቦካ ይደረጋል፤ ከተፈጨና ውኃው ከተጠለለ በኋላ ሊጡ በከፊል ብቻ ይቀቀላል። የበሰለው ክፍል ካልበሰለው ጋር አብሮ ይታሻል፤ በመጨረሻም በቀዳዳ እየተጨመቀ የፈላ ውኃ ውስጥ ይወርዳል። በከፊል የበሰለው ስታርች የግሉተንን ቦታ ይተካል ማለት ነው። አንባቢ እዚህ ላይ አብሲትን ሳያስታውስ አይቀርም። ጤፍም እንደ ሩዝ ግሉተን የለውም። የእንጀራ ጋጋሪዋም ከቦካው ሊጥ ቀንሳ በውኃ ታበስልና ወደ ሊጡ ትመልሰዋለች። ሁለቱ ሕዝቦች አንዱ ከሌላው አልተማሩም፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ችግር ገጥሟቸው፣ አንዱ በታይላንድ ሌላው በደጋማው ኢትዮጵያ፣ አንድ ዓይነት መፍትሔ አግኝተዋል።

በወንፊቱ ውስጥ የሚሆነው

አሁን ወደ ሻጩ ድስት እንመለስ። ትኩሱ የሩዝ ኑድል ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ጊዜ የበሰለ ነው። ስለዚህ ወንፊቱ ከፈላው ውኃ ሲነከር የሚሆነው ማብሰል ሳይሆን ማደስ ነው። እንደገና መሰለፍ የጀመረው አሚሎፔክቲን በ60 ዲግሪ አካባቢ ይፈታል፤ ኑድሉም ይለሰልሳል። አንዴ የተሰለፈው አሚሎዝ ግን ለመፈታት ከ100 ዲግሪ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ የፈላ ውኃ ደግሞ ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ኑድሉ ለስልሶ ሳለ ሳይሟሟ የሚቀረው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። ያደረ እንጀራ ወይም ዳቦ ሲሞቅ ለጥቂት ጊዜ የሚለሰልሰውም በዚሁ ሕግ ነው።

የልስላሴው ዕድሜ ግን አጭር ነው። ኑድሉ ሳህኑ ውስጥ በቆየ ቁጥር መረቁን እየጠጣ ያብጣል፤ በመጨረሻም ይላሽቃል። ያለ መረቅ የቀረበው ደግሞ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ማቀዝቀዣም አያድነውም፤ እንዲያውም የስታርች ዳግም መሰለፍ ከሚፈጥንባቸው ሙቀቶች አንዱ 4 ዲግሪ አካባቢ ያለው የማቀዝቀዣ ሙቀት ነው። ትኩስ ኑድል በየዕለቱ እየተገዛ በየዕለቱ ማለቁ ለዚህ ነው።

ስለ መረቁ ብዙ አንልም። አጥንቱ ለሰዓታት ሲፈላ ኢኖሲኔት የተባለውን ውሕድ ይሰጣል፤ «ናም ፕላ» የተባለው የዓሣ ስጎ ደግሞ ግሉታሜት ይጨምራል። ስጎው የሚሠራው ትናንሽ የባሕር ዓሦችን በጨው አፍኖ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በማቆየት ነው፤ ጨው አበላሽ ባክቴሪያዎችን ሲያግድ፣ የዓሣው የራሱ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን ይሰባብሩታል። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናዬ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከግሉታሜት የሚገኘውን ጣዕም «ኡማሚ» ብሎ ሰይሞታል። ሁለቱ ውሕዶች ሲገናኙ ጣዕሙ ከሁለቱ ድምር ይበልጣል።

አራቱ ብልቃጦች

በየጠረጴዛው ላይ አራት ዕቃዎች ይቀመጣሉ፤ ስኳር፣ የዓሣ ስጎ፣ ቃሪያ የተቆረጠበት አቼቶና የተፈጨ ደረቅ ቃሪያ። ሻጩ ምግቡን ሆን ብሎ ሳይጨርስ ያቀርባል፤ የሚጨርሰው ተመጋቢው ነው። ከአራቱ ሦስቱ ጣፋጭ፣ ጨዋማና ጎምዛዛ ናቸው፤ በምላስ ላይ የየራሳቸው ተቀባይ ሕዋሳት አሏቸው። አራተኛው ግን ጣዕም አይደለም።

ቃሪያ ወደ ታይላንድም ሆነ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ከ1492 በፊት ሁለቱም አገሮች አያውቁትም ነበር። የሚያቃጥለው ውሕድ ካፕሳይሲን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ካፕሳይሲን የሚያስነሣውን የነርቭ ተቀባይ ፕሮቲን ለይተው አወጡ፤ ጁሊየስም በ2021 የፊዚዮሎጂ ወይም የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተካፍሏል። ያ ፕሮቲን በተፈጥሮው የሙቀት ጠቋሚ ሲሆን፣ ከ43 ዲግሪ ገደማ በላይ ባለ ሙቀት ይነሣል። ካፕሳይሲን ይህንኑ ጠቋሚ ያታልለዋል፤ አንጎልም አፍ የተቃጠለ ይመስለዋል። አሲድም ያንኑ ፕሮቲን ያነቃቃዋል። እንግዲህ የፈላ መረቅ፣ አቼቶና ቃሪያ በአንድ ሳህን ሲገናኙ ሦስቱም አንድ በር ያንኳኳሉ። ያው ቃሪያ በቀዝቃዛ ሰላጣ ውስጥ ይህን ያህል የማያንገበግበው ለዚህ ነው።

ቀዝቃዛ ውኃ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ካፕሳይሲን በስብ እንጂ በውኃ በቀላሉ አይሟሟምና። በባንኮክ «ቻ የን» የሚባለው በጣፋጭ የታሸገ ወተት የሚዘጋጀው የበረዶ ሻይ ይሻላል፤ የወተት ፕሮቲንና ስብ ካፕሳይሲኑን ጠርገው ይወስዱታል። በእኛ አገር ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ ከአይብ ጋር የሚቀርበው በላብራቶሪ ተፈትኖ ባይሆንም ኬሚስትሪው ያው ነው። «በሞቃት አገር ቃሪያ የሚበላው አልቦ ለማቀዝቀዝ ነው» የሚባለውን ግን እንጠራጠራለን። ላብ የሚያቀዝቅዘው ሲተን ብቻ ነው፤ የባንኮክ አየር ደግሞ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል።

የቀዘቀዘ ሩዝ፣ የቀዘቀዘ ፓስታ

የጥድፊያው ሁለተኛ ምክንያት ከጣዕም ይልቅ ለጤና ይቀርባል። በአፈር ውስጥ የሚኖር ባሲለስ ሲሬየስ የተባለ ባክቴሪያ በእህል ላይ ይገኛል። ስፖር የተባለው ጠንካራ ቅርጹ መቀቀልን ይቋቋማል። የተቀቀለ ሩዝ፣ ኑድል ወይም ፓስታ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ክልል ለሰዓታት ሲቆይ ስፖሩ ይነቃል፣ ይራባል፣ ሴሬዩላይድ የተባለ መርዝም ሊያመነጭ ይችላል። መርዙ ከ100 ዲግሪ በላይ ሙቀትን ስለሚቋቋም ምግቡን እንደገና ማሞቅ ባክቴሪያውን ቢገድልም መርዙን አያጠፋውም። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ ታውቆ የተመዘገበው በቻይና ምግብ ቤቶች ቀድሞ ተቀቅሎ በቆየ የተጠበሰ ሩዝ ምክንያት ነበር። ብዙውን ጊዜ ትውከት አስከትሎ በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋል። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ በ2008 በቤልጅየም አንድ የ20 ዓመት ወጣት ለአምስት ቀናት ያለ ማቀዝቀዣ የቆየ ስፓጌቲ አሙቆ በልቶ በዚያው ሌሊት ሕይወቱ አልፏል። እንዲህ ያለው ሞት እጅግ ብርቅ ነው። ነገር ግን በየዶርሙና በየኪራይ ቤቱ ፓስታ ቀቅሎ ድስቱን ለነገ የሚያሳድር ተማሪ ብርቅ አይደለም። የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ማስገባት፣ ቶሎ እንዲቀዘቅዝም ሰፋ ባለ ዕቃ በስሱ መዘርጋት ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው የሚበቃውን ያህል ብቻ ይቀቅል። ፓስታው በማቀዝቀዣ ቢጠነክር የሚጎዳው ስታርቹ ብቻ ነው፤ ሲሞቅም ይለሰልሳል።

ስለዚህ ወደ ባንኮክ የሚሄድ መንገደኛ ሰው የሚሰለፍበትን ቤት ቢመርጥ ምክንያት አለው፤ ኑድሉ ለመቆየት ጊዜ አያገኝም፣ ድስቱም ከመፍላት አያርፍም። ይህ ሙሉ ዋስትና አይሆንም። የማሾ ቡቃያ የሚያድገው በሞቃትና በእርጥብ ቦታ፣ ለሳልሞኔላና ለመሰሎቹ በሚመች ሁኔታ ነውና ጥሬውን ከመብላት ይልቅ ከኑድሉ ጋር አብሮ እንዲነከር መጠየቅ ይሻላል፤ ሻጩ እንደ ነውር አይቆጥረውም። የሚሄድበትም ሰዓት ቢታሰብበት መልካም ነው። በብዙዎቹ ትናንሽ ቤቶች የመዝጊያ ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ የዕለቱ ኑድል ሲያልቅ እሳቱ ይጠፋል፣ በርጩማዎቹም አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባሉ።