ዊንዶውስ ያለው ታብሌት የላፕቶፕን ቦታ ሊይዝ ይችላልን?

ለንግድ ቤት የሚሆን የጽሕፈት መሣሪያ መግዛት ቀደም ባለው ጊዜ ብዙ ምክር የሚያስፈልገው ጉዳይ አልነበረም። የጽሕፈት መኪናውም ሆነ በኋላ የተተካው ኮምፒዩተር ከጠረጴዛው ሳይነቃነቅ ለዓመታት ያገለግል ስለ ነበር፣ ገዢው የሚጠይቀው ዋጋውንና የሚታመን ጠጋኝ መኖሩን ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በየመደብሩ ከላፕቶፑ ጎን ተደግፎ የሚታይ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም ዊንዶውስ የተጫነበት ታብሌት ነው። ሻጮች ስለዚሁ መሣሪያ ሲናገሩ፣ እንደ ታብሌት በእጅ የሚያዝ፣ እንደ ላፕቶፕም የሚሠራ ስለ ሆነ ሁለት ዕቃ መግዛት አያስፈልግም ይላሉ።

አነጋገሩ ለነጋዴ ጆሮ የሚጥም ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዶላር የሚገዛ ዕቃ በብር ሲተመን ምን ያህል እንደ ናረ ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መንገር አያስፈልግም። በሁለት ዕቃ ፈንታ አንድ መግዛት ከተቻለ ጥቅሙ የታወቀ ነው። የተገዛው ዕቃ የሚፈለገውን ሥራ የማይሠራ ከሆነ ግን ነጋዴው ተመልሶ ላፕቶፑንም መግዛቱ ስለማይቀር፣ ወጪው ከመጀመሪያው የከፋ ይሆናል። እኔም በአንድ አስመጪ ዘንድ በጸሐፊነት ስሠራ ሁለቱንም ዓይነት መሣሪያዎች የምጠቀምባቸው በመሆኔ፣ በጉዳዩ ላይ ያለኝን አስተያየት ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ እወዳለሁ።

አስቀድሞ የዕቃውን ታሪክ በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ኩባንያዎች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል። ማይክሮሶፍት ለታብሌት የተሰናዳ የዊንዶውስ ዓይነት ለገበያ ያቀረበው በ2002 ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቢል ጌትስ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ከሁሉ ይበልጥ የሚሸጠው ኮምፒዩተር ይኸው ዓይነት እንደሚሆን ተንብየው ነበር። ትንቢቱ አልሠመረም፤ መሣሪያዎቹ ከባድና ውድ ነበሩ። የታብሌትን ገበያ የከፈተው በ2010 የወጣው የአፕል አይፓድ ሆነ።

ማይክሮሶፍት ሰርፌስ የተባለውን የራሱን ታብሌት ይዞ የመጣው በ2012 ሲሆን፣ ያቀረበውም ሁለት ዓይነት አድርጎ ነበር። ሰርፌስ አርቲ የተባለው በኦክቶበር 2012 ተሸጠ፤ ሰርፌስ ፕሮ የተባለው በፌብሩዋሪ 2013 ተከተለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንድ እናት ልጆች ናቸው ይላል። ነገር ግን አርቲው በስልኮች ውስጥ የሚገኘውን ዓይነት ፕሮሰሰር የያዘ ስለ ነበር፣ ለተለመደው ዊንዶውስ የተሠሩትን የሂሳብም ሆነ የሌላ ሥራ ፕሮግራሞች ጨርሶ አይቀበልም ነበር። ፕሮው ግን በላፕቶፕ ላይ የሚጫነውን ሁሉ ይጭን ነበር። አርቲውን ገበያ አልወደደውም። በጁላይ 2013 ኩባንያው የአርቲውን ዋጋ በ150 ዶላር ቀንሶ፣ ሳይሸጥ በቀረው ክምችት ምክንያት የደረሰበትን ኪሳራ 900 ሚሊዮን ዶላር ብሎ በሂሳቡ መዝገብ አሰፈረ። ያልተሸጠ ዕቃ በመጋዘኑ ያደረበት ነጋዴ ይህን ቍጥር ሲያነብ ሳያዝን አይቀርም።

«ላፕቶፕን ሊተካ የሚችል ታብሌት» የተባለው አነጋገር የተስፋፋው በሜይ 20 ቀን 2014 ሰርፌስ ፕሮ 3 በኒው ዮርክ በተዋወቀበት ጊዜ ነው። በእርግጥም ያማረ ዕቃ ነበር፤ ክብደቱ 800 ግራም፣ ገጹ 12 ኢንች፣ በስተኋላውም እንደ ተፈለገው የሚዘረጋ መደገፊያ ያለው ነበር። ዋጋው ከ799 ዶላር ይጀምር ነበር። ሆኖም ኪቦርዱ ለብቻው በ130 ዶላር ገደማ የሚሸጥ በመሆኑ፣ የዕቃው እውነተኛ መነሻ ዋጋ ወደ 929 ዶላር ይደርስ ነበር። ክብደቱም 300 ግራም ያህል ይጨመርበት ነበር። ኪቦርዱ ተነሥቶለት የሚሸጥ ላፕቶፕ ያየ ነጋዴ አለ ብዬ አልገምትም፤ ይህ ልማድ ግን ከአሥር ዓመት በኋላም አልተለወጠም። በ2024 የወጣው ሰርፌስ ፕሮ ከ999 ዶላር ሲጀምር ኪቦርዱ አሁንም በተለየ ዋጋ ነበር። ስለዚህ ሻጩ የነገረውን ዋጋ ከላፕቶፕ ዋጋ ጋር የሚያመዛዝን ሰው፣ የኪቦርዱን ዋጋ ሳይደምር ቢያመዛዝን ይሳሳታል።

ይህን ካልን ዘንድ የታብሌቱን ጥቅም መካድ አይገባም። ዕቃ ከጉምሩክ ወጥቶ ወደ መጋዘን በሚገባበት ቀን የሚሠራውን ሥራ ለምሳሌ እንውሰድ። ቀድሞ ዕቃ ተረካቢው ፓኪንግ ሊስቱን በወረቀት ይዞ እየቈጠረ ምልክት ያደርግ ነበር፤ ማታ ወረቀቱ ወደ ቢሮ ይመጣና ጸሐፊው እንደገና ወደ ኮምፒዩተር ይገለብጠዋል። አንዱ ቍጥር ሁለት ጊዜ በተጻፈ ቍጥር ለስሕተት ሁለት በር ይከፈታል። ታብሌቱ ግን በግራ እጅ ተይዞ በቀኝ እጅ እዚያው ይሞላል፤ የተቀደደ ካርቶን ወይም የራሰ ጆንያ ቢገኝ በራሱ ካሜራ ፎቶግራፉ ይነሣና ለመድን ድርጅት ከሚላከው ደብዳቤ ጋር ይያያዛል። ላፕቶፕ በዚህ ቦታ የሚያስቀምጡበት ሲፈለግ የሚውል ዕቃ ነው፤ ብዙ ጊዜም መቀመጫው ራሱ የሚቈጠረው ካርቶን ይሆናል።

ወደ ደንበኛ ዘንድ ሄዶ የዕቃ ናሙና በሥዕል ለማሳየት፣ ፕሮፎርማን በብዕር ለመፈረም፣ የባንክን ወይም የማመላለሻ ድርጅትን ሰነድ ለማንበብ እንዲሁ ይመቻል። የሰርፌስ ገጽ ከብዙ ላፕቶፖች ገጽ ይልቅ ቁመቱ ስለሚረዝም፣ ቀጥ አድርገው ሲያቆሙት ቢል ኦፍ ሎዲንግ እንደ ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ለአስመጪና ለላኪ የሚያስፈልጉት ፈቃዶች የሚጠየቁበት የኤሌክትሮኒክስ የአንድ መስኮት አገልግሎትም ሆነ የግብር ማሳወቂያው ኢ-ታክስ በኢንተርኔት መቃኛ የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ ከመሣሪያው መልክ ጋር ጠብ የላቸውም።

ጭንቁ የሚጀምረው መጻፍ ሲመጣ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ብዘገይ አንባቢው ይፍቀድልኝ፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንጀራ የሚበላው በጣቶቹ ነውና።

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች በብዙዎቹ የአጻጻፍ ዘዴዎች አንዱን ፊደል ለማግኘት ሁለት ጊዜ መምታት አለብን፤ «ሎ» ለማለት ተነባቢው አንድ ምት፣ አናባቢው ሌላ ምት ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ የአማርኛ ደብዳቤ የሚጠይቀው የጣት ሥራ ፊደሎቹ ከሚቈጠሩት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በእውነተኛ ኪቦርድ ላይ የሠለጠነ ጸሐፊ ይህን ሳያይ ይሠራዋል። በታብሌቱ መስተዋት ላይ በሚወጣው የፊደል ገበታ ግን ጣት ቦታውን በመዳሰስ ሊያውቅ ስለማይችል ዐይን ከጣት አይለይም፤ ገበታውም የገጹን ሰፊ ክፍል ስለሚሸፍን የሚጻፈው ደብዳቤ በጠባብ መስኮት እንደሚታይ መንገደኛ ብቅ ጥልቅ ይላል። አንድ ስምና ሦስት ቍጥር ለመሙላት ይበቃል፤ የሁለት ገጽ ውል ለመጻፍ ግን የሚታሰብ አይደለም።

ተለጣፊው ኪቦርድ ይህን ችግር በአብዛኛው ያስወግደዋል፤ በጠረጴዛ ላይ ሲሆን ከብዙ ላፕቶፖች ኪቦርድ የሚያንስ አይደለም። በጉልበት ላይ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ላፕቶፕ ክብደቱ ከታች፣ ማጠፊያውም ጽኑ ስለ ሆነ በጭን ላይ ይረጋል፤ ታብሌቱ ግን ክብደቱ ሁሉ በገጹ ውስጥ ሲሆን የቆመው በቀጭን መደገፊያ ላይ ነው። በመኪና ውስጥ ሆኖ ወይም በመሥሪያ ቤት ደጅ አግዳሚ ላይ ተራ እየጠበቀ የሚጽፍ ሰው፣ ከመጻፉ ይልቅ መሣሪያውን ደግፎ መያዙ ይበዛበታል። ሂሳብ ለሚይዝ ሰው ደግሞ ሌላ ጉድለት አለ፤ በትልልቅ ላፕቶፖች ቀኝ በኩል የሚገኘው የቍጥር ገበታ በታብሌት ኪቦርድ ላይ የለም። በቀን ሁለት መቶ ቫውቸር የሚመዘግብ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር አያየውም። በአገራችን ብዙ ንግድ ቤቶች የሚሠሩበት ፒችትሪና እርሱን የመሳሰሉት ፕሮግራሞች የተሠሩት ለማውስ ስለ ሆነ፣ ትንንሾቹን ቍልፎች በጣት መንካት የሚያሰለች ሥራ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ ከውጭ የማይታየው ነው። የአርቲውን ታሪክ ከላይ ያነሣሁት ለጨዋታ አልነበረም። በ2024 ከወጡት የሰርፌስ ፕሮ ዓይነቶች ስናፕድራገን የተባለውን ፕሮሰሰር የያዙት በቤተ ሰባቸው ኤአርኤም ከሚባለው ወገን ናቸው። አርቲው ያደርገው እንደ ነበረው በር አይዘጉም፤ ለኢንቴል የተሠሩትን ፕሮግራሞች ብዙዎቹን እያስተረጐሙ ያሠራሉ፤ ባትሪያቸውም ብዙ ሰዓት ይቆያል። ይሁን እንጂ ፕሪንተርን ወይም ሌላ መሣሪያን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያግባባው፣ ድራይቨር የተባለው ትንሽ ፕሮግራም በዚህ ማስተርጐሚያ አያልፍም፤ የመሣሪያው ሠሪ ለዚሁ ፕሮሰሰር ብሎ ያዘጋጀው መሆን አለበት። በመደብሩ ውስጥ ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ወይም የቆየ የደረሰኝ ማተሚያ ያለው ነጋዴ፣ ለመሣሪያው ተስማሚ ድራይቨር ካልተገኘ ታብሌቱ ደረሰኝ ሊቈርጥለት አይችልም። ደረሰኝ የማይቈርጥ መደብር ደግሞ ከግብር ሰብሳቢው ጋር ምን እንደሚገጥመው ይታወቃል። ለእንዲህ ያለው ነጋዴ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ የተባለውን ፕሮሰሰር የያዘ ይሻለዋል።

በ2018 በ399 ዶላር መነሻ የወጣው ትንሹ ሰርፌስ ጎ የተሸጠበት ኤስ ሞድ የተባለው ሁኔታም ከማይክሮሶፍት መደብር ከሚወርዱት በቀር ሌላ ፕሮግራም አይቀበልም። ያለ ክፍያ ሊነሣ ስለሚችል ብዙ አያሳስብም።

ከዱባይና ከሌላም አገር ያገለገለ ዕቃ የሚያስመጡና የሚገዙ ሰዎች የበለጠ ሊጠነቀቁ ይገባል። የዊንዶውስ 10 የተለመደ ነፃ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለት በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የቆዩ ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም። በኩባንያው ደንብ መሠረት ሰርፌስ ፕሮ 3ም፣ ፕሮ 4ም፣ በ2017 የወጣውም፣ የመጀመሪያው ሰርፌስ ጎም ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው፤ በ2018 ከወጣው ከሰርፌስ ፕሮ 6 ጀምሮ ያሉት ግን ይቀበሉታል። ስለዚህ ሁለት ታብሌቶች በመልክ አንድ ሆነው፣ አንዱ ገና ብዙ ዘመን ሲኖረው ሌላው የባንክ ሥራ ሊሠራበት የማያስተማምን ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚናገረው በመሣሪያው ጀርባ ያለው ጽሑፍና በውስጡ ያለው የፕሮሰሰሩ ስም ነው።

ጥገናውንም ማሰብ ያሻል። የላፕቶፕ ገጽ ወይም ኪቦርድ ቢሰበር በከተማችን ባሉ ጠጋኞች እጅ በብሎን ተፈቶ ይለወጣል። የቆዩት የሰርፌስ ፕሮ ዓይነቶች ግን በሙጫ የተለጠፉ ስለ ሆኑ ባትሪውን ለማውጣት ገጹን በሙቀት አላቆ ማንሣት ግድ ነው፤ አይፊክስኢት የተባለው የጥገና መርማሪ ድርጅት ለሰርፌስ ፕሮ 3 ከ10 የሰጠው 1 ነጥብ ነበር። ኋላ የወጡት ተሻሽለዋል፤ የመረጃ ማስቀመጫቸውን በመደገፊያው ሥር ካለ ትንሽ ክዳን ማውጣት ይቻላል። በሌላ በኩል ከሰርፌስ ፕሮ 8 ወዲህ የተለመደው ሰፊው የዩኤስቢ ቀዳዳ ቀርቷል። ፍላሽ፣ ፕሪንተርና ማውስ ያለው ቢሮ መጋጠሚያ ለብቻው መግዛት ይኖርበታል፤ ይህም በዋጋው ላይ ይደመር።

እንግዲህ ጥያቄው ለሁሉ ሰው አንድ መልስ የለውም። ቀኑን በመጋዘንና በደንበኛ ዘንድ የሚያሳልፍ፣ ደብዳቤውንም የሚጽፍለት ሰው ያለው ነጋዴ ላፕቶፕ ባይኖረው የሚጐድልበት የለም። የቢሮ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ሞኒተርና ሙሉ ኪቦርድ ያለው ሰውም ታብሌቱን እዚያ ሰክቶ እንደ ማናቸውም ኮምፒዩተር ሊሠራበት ይችላል፤ ወጪውን ለቻለ ሰው ከሁሉ የተሻለው አሠራር ይህ ይመስለኛል። ሂሳብ ያዡና ጸሐፊው ግን ላፕቶፓቸውን ቢይዙ ይሻላል፤ ሁለቱን ዕቃዎች በአንድ ታብሌት እተካለሁ ብሎ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ላፕቶፑን የሚያነሣ አሠሪ፣ የቈጠበውን ብር በዘገዩ ደብዳቤዎችና በተበላሹ መዝገቦች ይከፍለዋል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ኪቦርዱ የማይነቀል፣ ገጹ ግን ወደ ኋላ ዞሮ የሚታጠፍ የላፕቶፕ ዓይነት አለ፤ ሌኖቮ ዮጋ በሚል ስም በ2012 አውጥቶታል፣ ሌሎችም ተከትለውታል። ክብደቱ ቢበዛም ለባለሱቅ የሚስማማ ይመስለኛል።

ለመግዛት የቈረጠ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሂሳብ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዞ ይሂድ፤ በሻጩ ፊት ይጫን፤ አንድ ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፍበት። ከተቻለም የራሱን የደረሰኝ ማተሚያ ወስዶ አንድ ወረቀት ያሳትም። ደረሰኙም ሲጻፍ ታብሌቱ፣ ኪቦርዱ፣ ብዕሩና ቻርጀሩ እያንዳንዳቸው ከነዋጋቸው ተለይተው እንዲሰፍሩ ይጠይቅ።