የአዲስ ቅዳም ተማሪዎች የመስክ ትምህርት ለምን ይደገፋል?

የምትልኩልን ገንዘብ ለእህልና ለመድኃኒት ሲውል የሚጠይቀን ሰው የለም። ከዚሁ ገንዘብ ጥቂቱ ተማሪዎችን ወደ ጫካና ወደ ሐይቅ ለመውሰድ ሲውል ግን፣ ይህ ሽርሽር አይደለምን? የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነውና በአዲስ ቅዳም ያለውን ሁኔታ በማስረዳት ልንመልስ እንሞክራለን።

አዲስ ቅዳም በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። አገሩ በከሰል የታወቀ ነው። ከሰሉ የሚወጣው ዲከረንስ ከሚባለው፣ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ከሆነው የግራር ዓይነት ነው። ገበሬው በማሳው ላይ ይተክለዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ከሥሩ የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከዚያም መሬቱን መልሶ ያርሳል። ዛፉ ለአፈሩ ናይትሮጅን ስለሚጨምር ጥቅሙ እጥፍ ነው። ብዙ ልጆች ደብተርና ጫማ ያገኙት ከዚህ ዛፍ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ቅጠሉንና ቅርንጫፉን የሚያዝግ የፈንገስ በሽታ ገብቶበት ሰፊ የዲከረንስ ተክል ደርቋል። አገሩ ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ሲሸፈን አንድ በሽታ የስንቱን ቤት እንጀራ እንደሚነካ ለመማር የአዲስ ቅዳም ተማሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ነገሩ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆሞ ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ተማሪው ስለ ዕፀዋት በሽታ የሚማረው ከጥቁር ሰሌዳ ነው፤ የደረቀውን ዛፍ የሚያየው ደግሞ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝለት ሰው አላገኘም። የመስክ ትምህርት የምንለው ይህን ማገናኘት ነው። መምህሩ ክፍሉን ይዞ ወጥቶ የታመመውን ቅርንጫፍ ከጤነኛው አጠገብ ያስቀምጣል፤ ልጆቹ በማጉያ መነጽር አይተው ይሥላሉ፤ ከዚያም አገር በቀል ዛፍ ወዳለበት ጫካ ተሻግረው በአንድ አነስተኛ ቦታ ላይ ስንት ዓይነት ተክል እንዳለ ይቈጥራሉ። ከአካባቢው አዛውንቶች አንዱ አብረው ቢሄዱ ደግሞ የዛፎቹን ስምና ጥቅም በአውንጊ ይነግሯቸዋል። ከሰል አክሳይ አባት ያለው ልጅ በዚያ ቀን ከመምህሩ የበለጠ የሚያውቀው ነገር ይኖራል፤ ይህም መልካም ነው።

መሬቱስ የማን ነው? በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኗል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ የጋራው ጫካ፣ ወንዙና ሐይቁ የእነዚህ ልጆችም ናቸው። ነገር ግን የራስ የሆነውን ለማየትም መድረሻ ያስፈልጋል። ባለጸጋ በሆነችው አሜሪካ እንኳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፓርኮችን ያለ ክፍያ እንዲጎበኙ ሲፈቀድ፣ በሩ ነጻ ሆነ እንጂ አውቶቡሱ ነጻ አልሆነም። የአውቶቡሱን ኪራይ ለመክፈል በጎ አድራጊዎች መነሣት ነበረባቸው።

ለምሳሌ የዘንገናን ሐይቅ እንውሰድ። ዘንገና ከእንጅባራ አልፎ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና አቅራቢያ የሚገኝ፣ እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህን አሐዝ በክፍል ውስጥ የሰማ ተማሪ ይረሳዋል። በአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ግን፣ ይህን ያህል ጥልቅ ጉድጓድ ማን ቆፈረው? ብሎ ራሱ ይጠይቃል። ከአዲስ ቅዳም ወደ ዘንገና ለመሄድ ግን መኪና ያስፈልጋል፤ መኪና ደግሞ ነዳጅና ኪራይ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ወጪ በተማሪዎች መዋጮ ይሸፈናል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ልንሰውር አንፈልግም። ስሙን በማንጠራው አንድ ትምህርት ቤት ግማሹን ወጪ እኛ ችለን ግማሹን ተማሪዎች እንዲያዋጡ ተስማምተን ነበር። መዋጮው አነስተኛ ስለነበር ማንንም አይጎዳም ብለን አሰብን። በጉዞው ዕለት ከክፍሉ ብዙ ልጆች ቀሩ። መምህሩ ሲጠይቃቸው አንዱ አሞኝ ነበር አለ፤ ሌላው ከብት ስጠብቅ ዋልኩ አለ፤ ገንዘብ አጣሁ ያለ ግን አንድም አልነበረም። በበነጋው የሄዱት ያዩትን ሲጽፉ የቀሩት ባዶ ወረቀት ይዘው ተቀመጡ። ለድኾች ልጆች ያልነውን ገንዘብ መክፈል ለሚችሉት አውለነው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማሪ አንድ ሳንቲም እንኳ እንዳይጠየቅ፣ በፈቃደኝነት በሚል ስምም ቢሆን፣ ወስነናል።

ስለዚህ የእናንተ ስጦታ የሚውለው ለመኪና ኪራይ፣ ለምሳ የሚሆን ዳቦና ውኃ፣ ለደብተርና እርሳስ፣ ለማጉያ መነጽር፣ ለመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን እንዲሁም ከመምህሩ ጋር ለሚሄዱ ረዳቶች አበል ነው። ከረዳቶቹ አንዷ ሴት እንድትሆን እንጠይቃለን። ይህ ካልሆነ ብዙ ወላጆች ሴት ልጃቸውን ለመላክ ያመነታሉ፤ አንፈርድባቸውም። ቀኑም ቅዳሜ መሆን የለበትም። የከተማይቱ ስም ራሱ እንደሚናገረው ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ልጆቹም ወላጆቻቸውን ያግዛሉ። ክረምቱ በዚያ አገር ረጅም ስለሆነና በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራ ስለሚሰበሰብ፣ የሚመቸው ወራት ጥርና የካቲት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የሰላም ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ትምህርት በቀጠለበትም ስፍራ ልጆችን በመኪና አሳፍሮ በአውራ ጎዳና መውሰድ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ስለሆነም ጉዞውን የምንወስነው እኛ አይደለንም። ርእሰ መምህሩ፣ ወላጆችና የአካባቢው ሽማግሌዎች ተመካክረው ይሁን ሲሉ ይሆናል፤ ይቅር ሲሉ ይቀራል። መንገዱ በማያስተማምንበት ጊዜ በእግር ደርሶ መመለስ የሚቻልበትን፣ በከተማይቱ ዙሪያ ያለውን ጫካና ጅረት እንመርጣለን። ወጪውም በእጅጉ ያንሳል።

ለዚህ ሥራ የምትልኩትን ገንዘብ፣ እባካችሁ፣ ለመስክ ትምህርት የሚል ጽሑፍ አክላችሁ ላኩልን። ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ ለሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ይቀመጣል፤ መሰረዙንም እንነግራችኋለን።