የመቶ ሰዓቱ ጨዋታ

በከሚሴም ሆነ በሌሎች የአገራችን ከተሞች «ጌም ቤት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ኳስ ነው፦ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ የተሸነፈ የሚነሣበት አግዳሚ፣ በግጥሚያ የሚከፈል ሒሳብ። እዚህ የምናስተዋውቀው ጨዋታ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ፊሽካም ግብም የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ብቻን ይጫወቱታል፤ አንዱን ዳር ለማድረስ ሃምሳ፣ ሰማንያ፣ አንዳንዴም ከመቶ ሰዓት በላይ ይወስዳል። አዲስ ሊወጣ ነው ከተባለበት እስከ ወጣበት ቀን ዓመታት ያልፋሉ፤ ወዳጆቹም እየተነጫነጩ ይጠብቁታል። ዓለም በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ አርፒጂ ይለዋል፤ ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚኖርበት ጨዋታ ነው።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ሰው በመፍጠር ነው። ተጫዋቹ ስም ያወጣል፤ ወንድ ወይም ሴት፣ ጎራዴ መዛዥ ወይም ድግምተኛ፣ ሌባ ወይም ፈዋሽ መሆንን ይመርጣል። የገጸ ባሕርዩ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ብልሃትና አንደበት በቁጥር ይሰፈራል። ከዚያ ዘንዶ የሚበርበት፣ ሙታን የሚነሡበት፣ ነገሥታት የሚሻኮቱበት ሰፊ ምናባዊ አገር ይከፈትለታል። በየመንደሩ የሚያገኛቸው ሰዎች ጉዳይ ያሸክሙታል፤ አንዷ የጠፋ ልጇን ፈልግልኝ ትለዋለች፣ ሌላው መልእክት ይልከዋል፣ ሦስተኛው ወንዙን የያዘውን አውሬ አስወግድልን ይለዋል። ጉዳይ ሲፈጽም ልምድ ይጠራቀምለታል፤ ልምዱ ሲሞላ ደረጃው ያድጋል። ትናንት ያሳደደውን አውሬ ዛሬ እሱ ያሳድደዋል።

የጨዋታው ዋና ቅመም ግን ምርጫ ነው። ሌባውን አሳልፎ ከሰጠ አንዱ መንደር ያከብረዋል፣ ሌላው በር ይዘጋበታል። ዛሬ የዋሸው ውሸት ከሃያ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ዞሮ ሊጠይቀው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጓደኛሞች አንዱን ጨዋታ ጨርሰው የሚያወጉት ሁለት የተለያየ ታሪክ ይሆናል።

መነሻው ኮምፒዩተር አልነበረም። በ1974 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘ የጠረጴዛ ጨዋታ አወጡ። አንዱ ሰው ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ይሆናሉ፣ መሳካት አለመሳካቱን ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወስናል። ማታ እሳት ዳር ተረት የሚያወጉ አያት በመሃል ቆም ብለው «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብለው ልጆቹን ቢጠይቁ፣ ተረቱም በልጆቹ መልስ ቢቀጥል እንደማለት ነው። ኋላ ኮምፒዩተር የአያትየውን ቦታ ተረከበ። በ1981 «ኡልቲማ» እና «ዊዛርድሪ» አሜሪካ ውስጥ፣ በ1986 ደግሞ «ድራገን ክዌስት» ጃፓን ውስጥ ሲወጡ የዛሬው መልክ ተተከለ።

ታዲያ አዲሱን መጠበቅ ለምን ይህን ያህል ይረዝማል? «ስካይሪም» የተባለው ዝነኛ ጨዋታ ለገበያ የቀረበው በኅዳር 2011 ነው። የሚቀጥለው «ዘ ኤልደር ስክሮልስ 6» አንድ ደቂቃ በማትሞላ ቪዲዮ የተበሰረው በሰኔ 2018 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት አልፎም አልወጣም። አንዱ ምክንያት ከላይ ያልነው ምርጫ ነው። ተጫዋቹ ንጉሡን ሊያድንም ሊገድልም ከቻለ፣ ሠሪዎቹ ንጉሡ ያለበትንም የሌለበትንም አገር መሥራት አለባቸው፤ ንግግሩን ሁለቴ መጻፍ፣ ሁለቴ በድምፅ መቅረጽ፣ ሁለቴም መፈተሽ ነው። መንገዶቹ ሲባዙ ስሕተቱም አብሮ ይባዛል። የቤልጂየሙ ጨዋታ ሠሪ ላሪያን «ባልደርስ ጌት 3»ን በጥቅምት 2020 ሳያልቅ ለገዢ ከፍቶ፣ አስተያየት እየሰበሰበ ሲያስተካክል ቆይቶ፣ ሙሉውን ያወጣው በነሐሴ 2023 ነው።

የፖላንዱ ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ሲዲ ፕሮጀክት ጉዳይ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ትምህርት አለው። አንጄይ ሳፕኮቭስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ደራሲ በ1986 በአንድ መጽሔት ላይ ስለ ጭራቅ አዳኝ አጭር ልብ ወለድ አሳተመ፤ ከጭራቆቹ ብዙዎቹ ከስላቭ ሕዝቦች ተረት የተቀዱ ናቸው። ኩባንያው ታሪኩን ወደ ጨዋታ ለወጠው፤ በግንቦት 2015 የወጣው «ዘ ዊቸር 3» በመላው ዓለም ተሸጠ። በታኅሣሥ 2024 አራተኛው ተበሰረ፤ ኩባንያው ከ2026 መጨረሻ በፊት እንደማይወጣም አስታውቋል። የዋርሶው ኩባንያ ሠሪዎች በሌላ አገር ተረት ብቻ አልተንጠለጠሉም፤ የሴት አያቶቻቸውን ጭራቅ ይዘው ነው ዓለም ገበያ የወጡት።

ከአፍሪካም ተመሳሳይ ሙከራ አለ። በካሜሩን ያውንዴ የተቋቋመው ኪሮኦ ጌምስ በ2016 «ኦሪዮን» የተባለ ምናባዊ ጨዋታ አወጣ፤ ዙፋኑን የተነጠቀ ልዑል ከባለቤቱ ጋር ተሰዶ መንግሥቱን ለማስመለስ የሚታገልበት ታሪክ ነው። በአገራችን ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ እራት ከመሆን የምታመልጥ ዶሮን የሚያስሮጠውን «ኩኩሉ»ን፣ ከዚያም «ገበጣ»ን ለስልክ ሠርቷል። ሁለቱም አጫጭር ጨዋታዎች ናቸው። ይህ ድክመት አይደለም፤ ተጫዋቹ በእጁ የያዘውን ዕቃና ያለውን ጊዜ አይቶ የተሠራ ሥራ ነው።

ትልልቆቹ አርፒጂዎች ግን ከሚሴን አስበው አልተሠሩም። «ባልደርስ ጌት 3» ብቻውን 150 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል፤ በሞባይል ዳታ ይህን የሚያወርድ ሰው ለካርድ ብዙ ብር ያወጣል። ጌም ቤትም አያዋጣውም። ገቢው የሚመጣው ወንበሩ ቶሎ ቶሎ ሰው ሲቀያይር ነው፤ አንድ ልጅ ለመቶ ሰዓት የሚቀመጥበት፣ የደረሰበትም ቦታ እስከ ነገ ሳይነካ መቆየት ያለበት ጨዋታ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ቋንቋው አለ። ኳስን ሳያነቡ ይጫወቱታል፤ በአርፒጂ ግን ያላነበበ ምን እንደ መረጠ አያውቅም። ስለዚህ የሚቀጥለው ትልቅ ጨዋታ የሚወጣበት ቀን ቢቆረጥም፣ ለከሚሴ ልጅ ቀኑ ገና አልተቆረጠም።

ይህ እንዳለ ሆኖ፣ ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ከሚሴ ካለችበት ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የበለጠ የታደለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። የባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ከግመሉ፣ ከጨውና ከእህሉ ጋር ያገናኛል፤ ሰንበቴ በእሑድ ይገበያያል። ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ በበጋ ከሩቅ የመጣ ከብት ይሰማራበታል። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ተራራ ላይ ያለችው የአርጎባዎች ሾንኬ በድንጋይ ቤቶቿ የቆየች መንደር ናት፤ በምናብ ካርታ ላይ ልፍጠራት ቢሉ እንኳ እንዲህ አትገኝም። ለሙዚቃውም ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የባቲን ስም ይዟል።

ነገር ግን መልክዓ ምድር ብቻውን ጨዋታ አይሆንም፤ ደንብ ይፈልጋል። ዞኑ የሚገኝበት ወሎ ለዚህ ጨዋታ ሊያዋጣ የሚችለው ትልቁ ነገር ያለው ደንቡ ላይ ነው። በብዙ አርፒጂዎች ጉዳይ ከመፈጸም ሌላ ልምድ በብዛት የሚጠራቀመው በመግደል ነው፤ ንግግር ቢኖርም ብዙ ጊዜ ውጊያውን ለማሳጠር ነው። በወሎ ደግሞ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች ደም የተቃቡ ወገኖችን አቀማምጠው፣ ጉዳቱን መርምረው፣ ካሣውን ወስነው፣ በዱዓ የሚያስታርቁበት ሥርዓት አለ። ይህን በጨዋታ ደንብ እናስበው። ተጫዋቹ ጨፋ ሲደርስ ሁለት ወገኖች በግጦሽ ተጋጭተዋል። ጎራዴ ቢመዝ አንዱን ያሸንፋል፤ በሚቀጥለው በጋ ግን ሌላ ደም ይጠብቀዋል። ለማስታረቅ ከፈለገ ማን ምን እንደ ጠፋበት መጠየቅ፣ ምስክር ከገበያ መፈለግ፣ የትኛው ሽማግሌ በሁለቱም ዘንድ እንደሚሰማ ማወቅ አለበት። ከጉልበቱ ይልቅ አንደበቱና መታመኑ በቁጥር ያድጋሉ።

እንዲህ ያለው ጨዋታ አሰልቺ ይሆናል ለሚል ሥጋት በ2015 የወጣው «አንደርቴል» መልስ ሰጥቷል። አሜሪካዊው ቶቢ ፎክስ አብዛኛውን ብቻውን የሠራው ይህ ትንሽ አርፒጂ አንድም ፍጡር ሳይገድሉ መጨረስ ይቻላል፤ ከዝናው ምንጮች አንዱም ይኸው ነው። ሥዕሉ ተራ፣ ፋይሉ ቀላል፣ ሐሳቡ ግን አዲስ ነበር።

የቋንቋው ሥራ የራሱ ልፋት አለው። ግእዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ቢገባም፣ የጨዋታ ሠሪዎች ፎንት ብዙ ጊዜ አያካትተውም፤ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ በዚህ በኩል ይቀልላል። በአማርኛ ለተጫዋቹ የሚነገር እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንተን፣ አንቺንና አንቱን ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል፤ አንድ ትልቅ ሰው በገበያው መሃል «አንተ» ከተባለ የወሎ ተጫዋች ወዲያው ጨዋታውን ይታዘበዋል። ጨዋታው በሁለቱም ቋንቋዎች ከተሠራ፣ በየትኛው ቋንቋ ማንን ማናገር እንደሚያዋጣ መምረጥ ራሱ የአስታራቂው ችሎታ ይሆናል፤ በባቲ ገበያ የሚሆነውም ይኸው ነው።

መሣሪያው አለ። «ጎዶት» የተባለው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም ከ2014 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያም ፈቃድም አይጠይቅም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሰፊ ዓለም ሳይሆን አንድ ገበያ፣ አንድ ጠብና አሥራ አምስት የሚናገሩ ሰዎች ናቸው፤ በርካሽ ስልክ የሚከፈት፣ ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠራ፣ በየጊዜው ያቆሙበትን የሚያስቀምጥ ጨዋታ። ዘንዶውን የሚገድል ጨዋታ ከዋርሶም ከአሜሪካም ይመጣል። ደም የተቃቡትን አቀማምጦ የሚያስታርቀውን ግን ሥርዓቱን በቤቱ ያየ ሰው ካልሠራው ማንም አይሠራውም።